ሬዲዮ ጠጋኙ ሊዮ ፌንደርና አምስት ዋቷ ሳጥን

የሙዚቃ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ድምፃዊው ነው፡፡ ትንሽ ጠለቅ ያለ አድማጭ ደግሞ ጊታር ተጫዋቹን ያስታውስ ይሆናል፡፡ ከተጫዋቹ ጀርባ ወለል ላይ ተቀምጣ ድምፁን የምታወጣውን ሳጥን ግን ማን ልብ ይላታል? የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ አምፕሊፋየር በእንጨት ላይ ከተወጠረ ሽቦ ብዙም የሚሻል አይደለም፡፡ ከክሩ እስከ ጆሯችን ካለው መንገድ ግማሹን የምትሸፍነው ይህችው ሳጥን ናት፡፡ ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት በዚህ ሙያ ስሙ ከማንም በላይ ስለሚጠራ፣ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ጊታር መጫወት ሳይማር ስላለፈው ስለ ሊዮ ፌንደር ነው፡፡ በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡

ለመሆኑ አንድ የሕግ ሰው ስለ አምፕሊፋየር ምን አገባው? ሁለት ምክንያት አለኝ፡፡ አንደኛው፣ ከመዝገብና ከአቤቱታ በተረፈኝ ጊዜ ከጊታር ጋር ስታገል የኖርኩ አማተር ነኝ፡፡ ሁለተኛው፣ የዚህ ሰው ሕይወት ከፓተንት፣ ከንግድ ምልክት፣ ከንግድ ሽያጭና ካለመወዳደር ግዴታ ጋር እንዲህ የተሳሰረ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በሙዚቀኞች ብቻ መሆኑ ይቆጨኛል፡፡

ሊዮ ነሐሴ 10 ቀን 1909 በካሊፎርኒያ፣ በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች አካባቢ ብርቱካን ከሚያለሙ ወላጆች ተወለደ፡፡ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ በግራ ዓይኑ ላይ ዕጢ ወጣበትና ዓይኑ ተወግዶ በመስታወት ዓይን ተተካ፡፡ ይኸው ጉዳት ኋላ ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከውትድርና ግዳጅ አስቀርቶታል፡፡ በልጅነቱ ፒያኖ፣ ቀጥሎም ሳክስፎን ሞካክሯል፤ ልቡን የወሰደው ግን ሙዚቃው ሳይሆን ሬዲዮው ነበር፡፡ በሳንታ ማሪያ ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የነበረው አጎቱ ቤት በልጅነቱ የተመለከተው በእጅ የተሠራ ሬዲዮ ድምፁ ከአእምሮው አልጠፋም፡፡

ትምህርቱን ስንመለከት ግን ሌላ ሰው እናገኛለን፡፡ በፉለርተን ኮሌጅ የተማረው ሒሳብ አያያዝ ነው፡፡ በኤሌክትሮኒክስ አንድም ቀን መደበኛ ትምህርት አልተከታተለም፡፡ በአንድ የበረዶ ማምረቻ ውስጥ፣ ኋላም በካሊፎርኒያ የመንገዶች መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ አገልግሏል፡፡ በ1934 ኤስተር ክሎስኪን አገባ፡፡ ያ ዘመን ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን ያንገላታበት ዘመን ነበርና ሊዮም እንደ ብዙዎቹ እኩዮቹ ሥራውን አጣ፡፡ በ1938 ስድስት መቶ ዶላር ተበድሮ ወደ ፉለርተን ተመለሰና የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ፡፡ ከሥራ የተቀነሰ ሒሳብ ሠራተኛ በብድር ገንዘብ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነ ማለት ነው፡፡ ታሪኩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው፡፡

የጥገና ሱቅ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፡፡ ጠጋኝ የሚያየው ዕቃው አዲስ ሆኖ ሲያብረቀርቅ ሳይሆን ተሰብሮ ሲመጣ ነው፡፡ የአካባቢው ሙዚቀኞች የተቃጠለና የሚያጉረመርም አምፕሊፋየራቸውን እየተሸከሙ ሊዮ ዘንድ ይመጡ ጀመር፡፡ እሱም በየትኛው በኩል እንደሚበላሽ፣ የትኛው ሽቦ እንደሚላቀቅ፣ የትኛው ሳጥን ከመኪና ሲወርድ እንደሚሰነጠቅ በገዛ እጁ ተማረ፡፡ በ1945 ዶክ ካፍማን ከተባለ ሙዚቀኛና የፈጠራ ባለሙያ ጋር ኬ ኤንድ ኤፍ የሚል ድርጅት አቋቁመው በጭን ላይ ተደርጎ የሚመታ የኤሌክትሪክ ጊታርና ትንንሽ አምፕሊፋየር መሥራት ያዙ፡፡ በ1946 ካፍማን የንግዱ ነገር አስፈርቶት ወጣ፡፡ ሊዮ ብቻውን ቀጠለ፤ በ1947 ድርጅቱ ፌንደር ኤሌክትሪክ ኢንስትሩመንት ኩባንያ ተባለ፡፡

የፌንደር ስም ሲነሳ ሰው ሁሉ ወደ ጊታሮቹ ይሮጣል፡፡ በ1951 በመጨረሻ ስሙ የጸናው ቴሌካስተር፣ በዚያው ዓመት የወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ፣ በ1954 የመጣው ስትራቶካስተር ዓለምን ያዳረሱ ናቸው፡፡ እኔ ግን የሰውየውን ጠባይ ማወቅ የፈለገ ሰው ትንሿን አምፕሊፋየር ይክፈት እላለሁ፡፡ በ1948 ሻምፒዮን በሚል ስም ለጀማሪ ተማሪዎች የወጣችውና በ1950ዎቹ አጋማሽ ቻምፕ ተብላ የታወቀችው ሳጥን በውስጧ የያዘችው ሦስት ቲዩብ ብቻ ነው፡፡

ቲዩብ ምን እንደሆነ ለወጣት አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ፡፡ የአባቶቻችን ሬዲዮ ሲከፈት እስኪሞቅ ይጠበቅ እንደነበር፣ ከኋላው ባለው ቀዳዳም ብርቱካናማ ብርሃን ይታይ እንደነበር የሚያስታውሱ አይጠፉም፡፡ ያ ብርሃን የሚመጣው አየሩ ተመጥጦ ከወጣ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ነበር፡፡ በብልቃጡ ውስጥ የጋለው ብረት ኤሌክትሮን ይለቃል፤ በመካከል ያለው ወንፊት መሰል ሽቦ ደግሞ በትንሽ ምልክት ትልቁን ፍሰት ይቆጣጠራል፡፡ በቻምፕ ውስጥ 12ኤኤክስ7 የተባለው ቲዩብ ከጊታሩ የመጣውን ደካማ ምልክት ያጎላል፡፡ 6ቪ6 የተባለው ጉልበት ሰጥቶት ወደ ስፒከሩ ይልከዋል፡፡ 5ዋይ3 የተባለው ደግሞ ከግድግዳ የመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል፡፡ ጉልበቷ አምስት ዋት ያህል፣ ስፒከሯ ስምንት ኢንች ነው፡፡ ፊቷ ላይ አንድ የድምፅ መጠን ቁልፍ ብቻ አለ፡፡ ወፍራም፣ ቀጭን የሚል ማስተካከያ የለም፡፡ ሳጥኗ ከጣውላ ተሠርታ ለሻንጣ በሚውል ዓይነት ጨርቅ የተለበጠች ናት፡፡ በውስጧ ያሉት ዕቃዎች በአንድ ሰሌዳ ላይ በረድፍ ተደርድረው ተበይደዋል፤ ብየዳ የሚያውቅ ሰው አንዱን ነቅሎ ሌላውን ለመተካት ደቂቃዎች ይበቁታል፡፡ ይህ የጠጋኝ ንድፍ ነው፡፡ ዕቃው አንድ ቀን መበላሸቱ እንደማይቀር አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሥራ ነው፡፡

ጥቂት ዓመታት ይሆናል፣ ከአሜሪካ የመጣ ወዳጄ በድሮው ንድፍ የተሠሩ ሦስት ትንንሽ አምፕሊፋየሮችን አሰባስቦ ስለነበር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጠን አነጻጸርናቸው፡፡ የአሜሪካ ዕቃ የሚፈልገው 120 ቮልት ገደማ ስለሆነና የእኛ መብራት 220 ስለሆነ በመካከል ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር አስገብተናል፡፡ አንድ ጊታርና አንድ ገመድ ለሦስቱም ተጠቀምን፡፡ ከሁሉ በፊት ያደረግነው ግን የሦስቱን የድምፅ መጠን ማመጣጠን ነበር፡፡ ጆሮ የሚታለል ዳኛ ነው፤ በትንሹም ቢሆን ከፍ ብሎ የተሰማውን የተሻለ ነው ብሎ ይፈርዳል፡፡ ይህን ሳያደርጉ የሚካሄድ ንጽጽር አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንደሚሰጥ ፍርድ ነው፡፡

አንደኛዋ ቻምፕ ነበረች፡፡ ዝቅ ብላ ስትከፈት ጥርት ያለች፣ ወፍራሙ ድምፅ የሚያንሳት፣ የጣት ስህተትን የማትሸፍን ሆና አገኘናት፡፡ ቁልፉ ከመካከል ሲያልፍ መሻከር ትጀምራለች፡፡ አንድ ኃይለኛ ቲዩብ ብቻ ስላላት መሻከሩ በዋናው ድምፅ እጥፍ ላይ የሚገኘውን ድምፅ አብሮ ያወጣል፤ ይህም ጆሮ እንደ ስብራት ሳይሆን እንደ ሙላት የሚቆጥረው ዓይነት ነው፡፡ ክሮቹ በአንድነት በኃይል ሲመቱ ኤሌክትሪክ አቅራቢው ቲዩብ ለቅጽበት አቅም ያንሰዋል፡፡ ድምፁ ሸብረክ ይልና ተመልሶ ያብባል፡፡ መሐንዲስ ይህን ጉድለት ይለዋል፡፡ ተጫዋች ግን ሳጥኗ እጁን የምትሰማው ያህል ይሰማዋል፡፡

ሁለተኛው በ1955 የወጣው የዴሉክስ ንድፍ ነው፡፡ ይህ ሁለት 6ቪ6 ቲዩቦች አሉት፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፡፡ ጉልበቱ አሥራ አምስት ዋት ገደማ፣ ስፒከሩ አሥራ ሁለት ኢንች ነው፡፡ ሁለቱ ቲዩቦች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሠሩ በእነሱ ዘንድ የሚፈጠረው ያ እጥፍ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፡፡ ስለዚህ ሻካራነቱ ከቻምፕ ይለያል፡፡ በቻምፕ ውስጥ ከመውጫው ጥቂት ምልክት ወደ ኋላ ተመልሶ ድምፁን የሚገራበት መንገድ አለ፤ በዚህ ዴሉክስ ውስጥ ግን የለም፡፡ በመሆኑም ልጓም እንደሌለው ፈረስ ነው፤ ቶሎ ይሻክራል፣ ወፍራሙ ድምፅ ይላላል፣ ነገር ግን ሲሞላ ክፍሉን ይሞላል፡፡ ሁለቱ የድምፅ መጠን ቁልፎቹም አንዱ የሌላውን ድምፅ ይነካካሉ፤ ገመድ ያልተሰካበትን ቁልፍ ስታዞሩ የተሰካበት ድምፅ ይለወጣል፡፡

ሦስተኛው ከባሕር ማዶ ነው፡፡ በእንግሊዝ አገር በ1958 በወጣው ቮክስ ኤሲ15 መንገድ የተሠራ፣ ኢኤል84 የተባሉ ሁለት ቲዩቦች ያሉት ነው፡፡ ጉልበቱ ከዴሉክስ ጋር ቢቀራረብም ድምፁ ግን እንደ ቃጭል ይጠራል፤ ቀጭኑ ክር ከመሣሪያዎች ሁሉ መካከል ነጥሮ ይወጣል፡፡

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ፡፡ ለመኖሪያ ቤትና ለቀረጻ ቻምፕን የሚያህል አላገኘሁም፡፡ ዋቱ አያስደንግጣችሁ፡፡ ጆሯችን የአንድን ድምፅ ከፍታ እጥፍ ሆነ የሚለው ጉልበቱ አሥር ጊዜ ሲበዛ ነው፤ ሃምሳ ዋት የሆነው ሳጥን ከአምስት ዋቱ የሚበልጠው እጥፍ ገደማ ብቻ ነው፡፡ ከዚያ ይልቅ ልዩነት የሚያመጣው ስፒከሩና ሳጥኑ ነው፡፡ ኦሙን አመጣጥነን ቻምፕን ከአሥራ ሁለት ኢንች ስፒከር ጋር ባገናኘናት ጊዜ የተማሪዋ ሳጥን ጎልማሳ ሆና ቁጭ አለች፡፡ ኤሪክ ክላፕተን በ1970 የላይላን አልበም ሲቀዳ ቻምፕን መጠቀሙ፣ ኒል ያንግም በ1959 ከተሠራ አንድ ዴሉክስ ጋር አሥርተ ዓመታትን መዝለቁ ለሙዚቀኞች እንግዳ ወሬ አይደለም፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፡፡ ሊዮ ይህን ሻካራ ድምፅ አስቦ አልሠራውም፡፡ እሱ የሚወደው የአገሩን የገጠር ሙዚቃ ነበር፤ የሚፈልገውም ጥርት ያለ ድምፅ ነበር፡፡ ከዓመት ዓመት ያሻሻላቸው ንድፎች በአመዛኙ መሻከርን ለማዘግየት የተደረጉ ነበሩ፡፡ ዓለም ግን እሱ እንደ ጉድለት ያየውን ወደደለት፡፡

ወደ ሕጉ ልመለስ፡፡ በፌንደር የድሮ ሳጥኖች ውስጥ የቲዩቦቹን አቀማመጥ የምታሳይ ወረቀት ተለጥፋለች፡፡ በዚያች ወረቀት ላይ መሣሪያው የተሠራው ከታላላቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ከኤቲ ኤንድ ቲና ከዌስተርን ኤሌክትሪክ ፓተንት በተገኘ ፈቃድ መሆኑ ተጽፏል፡፡ ሊዮ ከሰው የወሰደውን ከሰው መውሰዱን በዕቃው ላይ ለጥፎ ይሸጥ ነበር ማለት ነው፡፡ በ1951 መጀመሪያ ደግሞ አዲሱን ጊታሩን ብሮድካስተር ብሎ ሲሸጥ ግሬች የተባለው ኩባንያ ይህን ስም ለከበሮዎቹ እንደሚጠቀምበት አሳወቀው፡፡ ሊዮ ሙግት አልገጠመም፡፡ ስሙን ከመለጠፊያው ላይ እየቆረጠ ጊታሮቹን ያለ ስም ሸጠና ቴሌካስተር የሚለውን አወጣ፡፡ በሙግት ሊያልፍ ይችል የነበረው ጊዜ በሥራ አለፈ፡፡

በሌላ በኩል የእሱን ንድፍ የወሰዱ ብዙዎች ናቸው፡፡ በ1962 በለንደን የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ የነበረው ጂም ማርሻል ከአሜሪካ የሚመጣው ዕቃ ለደንበኞቹ ስለሚወደድባቸው ከባልደረቦቹ ጋር የራሱን አምፕሊፋየር ሠራ፡፡ የመጀመሪያው ማርሻል ከፌንደር ባስማን ጋር ሲተያይ ዘመድነቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፡፡ ይሁን እንጂ በትንንሽ የዕቃ ልዩነት ሌላ ድምፅ ወጣ፤ በዚያም ድምፅ ሌላ የሙዚቃ ዘመን መጣ፡፡ መኮረጅ ሁሉ ስርቆት አይደለም የሚለውን ክርክር ለተማሪዎች ማስረዳት የሚፈልግ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም፡፡

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ ደረስን፡፡ በ1950ዎቹ ሊዮን የያዘው የባክቴሪያ ሕመም ለዓመታት አልለቀው አለ፡፡ የሚሞት መሰለው፡፡ ድርጅቱም ከአንድ ጠጋኝ ትከሻ በላይ ሆኖ ነበር፡፡ በጥር 1965 ሲቢኤስ ለተባለው ግዙፍ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ኩባንያ በአሥራ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ሸጠው፡፡ ይኸው ኩባንያ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የኒውዮርክ ያንኪስን የቤዝቦል ቡድን ሰማንያ በመቶ ድርሻ የገዛው በአሥራ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ዶላር ነበር፡፡ በስድስት መቶ ዶላር ብድር የተጀመረ ሱቅ ከዝነኛ የስፖርት ቡድን ሰማንያ በመቶ ድርሻ በላይ አወጣ፡፡ ከሽያጩ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሊዮ ሌላ ሐኪም አገኘና ከሕመሙ ዳነ፡፡

ጤናው ሲመለስ ግን ስሙ የእሱ አልነበረም፡፡ ውሉ ለአሥር ዓመት ከገዢው ጋር እንዳይወዳደር ያስገድደዋል፡፡ ንግድ የሸጠ ሰው ማዶ ተሻግሮ ተመሳሳይ ሱቅ እንዳይከፍት መከልከል ለእኛም የንግድ ሕግ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ ገዢው የከፈለበትን ደንበኛ ሻጩ መልሶ እንዳይወስድበት የሚጠብቅ ትክክለኛ ደንብ ነው፡፡ ሆኖም ደንቡ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ሲያርፍ ክብደቱ ይታያል፡፡ ሲቢኤስ በ1966 የዘመኑ ፋሽን የነበሩትን ባለ ትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች በፌንደር ስም አወጣ፡፡ በአስተማማኝነታቸው ስም ሳያተርፉ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ቀሩ፡፡ ትራንዚስተር በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም፡፡ ዕቃውን ከጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከሽያጭ ሪፖርት ላይ የሚያይ ባለቤት በመምጣቱ ነው ብዬ አምናለሁ፡፡ ሊዮ ደግሞ ግንባሩ ላይ ያለው የቤተሰቡ ስም በሳጥኖቹ ላይ ተለጥፎ ሲዞር ከመመልከት በቀር ሥልጣን አልነበረውም፡፡

አሥሩ ዓመት ሲሞላ፣ በ1975 የቀድሞ ባልደረቦቹ የመሠረቱት ሙዚክ ማን የተባለ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ፡፡ እዚያም ዘላቂ ስምምነት አልተገኘም፡፡ በ1979 ባለቤቱ ኤስተር በሞት ተለየችው፡፡ በዚያው ጊዜ ከቆየ ጓደኛው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የተባለውን ድርጅት ጀመረ፡፡ ፊደሎቹ የጆርጅና የሊዮ የመጀመሪያ ፊደሎች ናቸው፡፡ የአባቱን ስም በገዛ ዕቃው ላይ መጻፍ አይችልምና አንድ ፊደል ብቻ ቀረችው፡፡ በሚሊዮን የሚቆጠር ሀብት የነበረው ሽማግሌ ፓርኪንሰን እጁን እያንቀጠቀጠውም ወደ ሥራ ጠረጴዛው መመላለሱን አላቆመም፡፡ መጋቢት 21 ቀን 1991 በሰማንያ አንድ ዓመቱ አረፈ፡፡ በቀጣዩ ዓመት ስሙ በሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ውስጥ ሰፈረ፡፡

ሲቢኤስ በ1985 ኩባንያውን ለራሱ ለኩባንያው ሠራተኞች ቡድን ሸጦ ወጣ፡፡ ዋጋው አሥራ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ነበር፡፡ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ የዋጋ ንረት በኋላ፣ ከተገዛበት ያነሰ ማለት ነው፡፡ ሌላም መዘዝ ቀረ፡፡ ኩባንያው የስትራቶካስተርን፣ የቴሌካስተርንና የፕሪሲዥን ቤዝን የአካል ቅርጽ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ቢጠይቅም በ2009 የአሜሪካ የንግድ ምልክት ጉዳዮች ቦርድ አልተቀበለውም፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቅርጾቹን ለአሥርተ ዓመታት ሌሎች ሠሪዎችም ሲሠሩባቸው ስለኖሩ ገዢው በቅርጹ ብቻ የአንድን ሠሪ ማንነት አይለይም፡፡ ያ ሁሉ ዓመት መብቱን ያልጠበቀ ባለቤት መጨረሻ ላይ መጥቶ ቢጠይቅ ሕግ አይሰማውም፡፡

ከዚህ ሕይወት እኔ የምወስደው ይህን ነው፡፡ ፓተንት ጊዜው ያልፋል፣ የንግድ ምልክት ይሸጣል፣ ቅርጽ ይኮረጃል፡፡ ሊዮ ለሲቢኤስ ሊያስረክበው ያልቻለው ነገር ቢኖር የተሰበረ ዕቃ ፊት ለፊት አስቀምጦ ለምን ተሰበረ ብሎ የመጠየቅ ልማዱን ነው፡፡ በውሉ ውስጥ ስላልተጻፈ አይደለም፤ ሊጻፍ የማይችል ስለሆነ ነው፡፡ ድርጅት የምትሸጡም ሆነ የምትገዙ አንባቢዎቼ፣ የንብረት ዝርዝሩን ስትፈራረሙ ይህቺን ጥያቄ ለጠበቆቻችሁ ሳይሆን ለራሳችሁ አንሱ፦ ነገ ዕቃው ሲበላሽ የሚከፍተው ማን ነው?